የመንገድ ልብስ፦ ከዮሴፍ እስከ ሽኩና ጊሜል



ባለፈው ዓመት አንድ አባትና ልጅ እየተከራከሩ ወደ ጽሕፈት ቤቴ መጡ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጎንደር የመጡ የሠፈራችን ሰዎች ናቸው። ስማቸውን እንዳልጠራ ቃል ገብቼላቸው ታሪካቸውን ግን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ልጁ ኡልፓኑንና የሠራዊት አገልግሎቱን ጨርሶ፣ የቴክኒሽያን ኮርስ ወስዶ፣ በአንድ ፋብሪካ ተቀጥሯል። ፋብሪካው አዲስ መሣሪያ ሊገዛ ስለሆነ ለአምስት ቀን ሥልጠና ወደ ጀርመን ሊልከው ነው። በዕብራይስጥ የተጻፈው የጉዞ ወረቀት ስለ አለባበስ ሁለት ቃል ብቻ ይላል፦ «ቢዝነስ ካዥዋል»።

አባትየው ይህን ሲሰሙ ሁለት ሺህ ሸቀል ተበድረው ለልጃቸው ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ ሊገዙ ተነሡ። ልጁ ደግሞ «እዚህ አገር እንዲህ የሚለብስ የለም፣ አለቃዬም በካናቴራ ነው የሚውለው፣ እኔም በጂንስ እሄዳለሁ» አለ። አባት «አገር አቋርጠህ የሰው ፊት ልትቆም ነው፤ እንደ እረኛ ትሄዳለህ?» አሉ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት አልተነጋገሩም። እኔ ዘንድ ሲደርሱ አባትየው «ልጄ፣ አንቺ ተምረሻል፤ እስቲ ፍረጂን» አሉኝ።

እኔ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ እንጂ ዳኛም ልብስ ሰፊም አይደለሁም። ጠቡ ስለ ልብስ ብቻ እንዳልሆነም ገብቶኛል። ቢሆንም ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ ከእኛ በፊትም ብዙ ሰዎች ተጨንቀውበታል። ስለዚህ በዚህ እትም ታሪኩን ከሥሩ ላጫውታችሁ አሰብኩ።

ኦሪት ስለ መንገድ ልብስ ምን ይነግረናል?

የምንኖርባት ቤር ሼቫ አባታችን አብርሃም የተቀመጠባት ከተማ ናት። ያዕቆብም በስተርጅናው ወደ ግብፅ ሲወርድ በዚህች ከተማ መሥዋዕት ሠውቶ እንዳለፈ በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፏል። ግብፅ ውስጥ የሚጠብቀው ልጁ ዮሴፍ ነበር። የዮሴፍን ታሪክ ያነበበ ሰው ልብስ በሕይወቱ ውስጥ ምን ያህል ቦታ እንዳለው ያያል። አባቱ ለይቶ ያለበሰው ልብስ የወንድሞቹን ቅናት አስነሣ። በእመቤቲቱ እጅ ጥሎት የሸሸው ልብስ እስር ቤት አስገባው። በመጨረሻም ፈርዖን ሲያስጠራው ዮሴፍ ከእስር ቤት እንደ ወጣ በቀጥታ አልሄደም፤ መጀመሪያ ተላጨ፣ ልብሱንም ለወጠ።

ዮሴፍ ሕልም የሚፈታው በልብሱ ኃይል አልነበረም፤ ጥበቡ ከፈጣሪው ነው። ነገር ግን በማን ፊት እንደሚቆም ያውቅ ነበር። የግብፅን ሥርዓት አክብሮ ገባ፤ እዚያ ከደረሰ በኋላ የተናገረው ግን የራሱን ቃል ነው። በእኔ አስተያየት ከዚያ ወዲህ ወደ ሰው አገር ለሥራ የሄደ ሁሉ ይህንኑ ሚዛን ሲፈልግ ኖሯል።

ጋቢ፣ ኩታ፣ ካባ

«እኛ አገር እንዲህ ዓይነት ነገር አልነበረም» የሚሉ ወላጆች አጋጥመውኛል። ነበረ እንጂ! በአገራችን ልብስ ራሱ ይናገር ነበር። አራት እጥፉ ጋቢ ለቤትና ለብርድ ነው። ኩታ ደግሞ ለእንግድነት፣ ለሸንጎና ለበዓል ይለበሳል። ሴቶቻችን ነጠላቸውን ለሠርግ አንድ ዓይነት፣ ለለቅሶ ሌላ ዓይነት ያጣፉታል፤ ጥለቱ ወደ ፊት ተጠግቶ ሲታይ ሐዘን መኖሩን ሰው ሳይጠይቅ ያውቃል። በትልቅ ሰው ፊት የሚቆም ደግሞ ሸማውን ወገቡ ላይ አደግድጎ ይቆማል። አንድ ሸማ ነው፣ አለባበሱ ግን ብዙ ነው። የሥራ ልብስ፣ የቤት ልብስ፣ የክብር ልብስ የሚባለውን ልዩነት ለእኛ ያስተማረን ፈረንጅ አይደለም።

ይህን ሸማ ከሚሠሩት መካከል የእኛው ሰዎች ነበሩ። በጎንደር አካባቢ የቤተ እስራኤል ወንዶች በአንጥረኝነትና በሽመና፣ ሴቶች በሸክላ ሥራ የታወቁ ነበሩ። እናቶቻችን ጥጡን በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ሸማኔው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ታች ሰዶ፣ ድሩን ወጥሮ ማጉን በመወርወሪያ ያመላልሳል። ከዚያ የወጣውን ሸማ ጎረቤት ገበሬም መኳንንትም ይለብሰዋል። ሙያው የተናቀ ቢሆንም የሙያው ፍሬ የክብር ልብስ ነበር።

የ1924ቱ ጉዞ

ከኢትዮጵያ ወጥተው ለሥራ ወደ ውጭ አገር ከሄዱት መልእክተኞች ሁሉ ስለ አለባበሱ ብዙ የተወራለት በ1924 (ዘመኑን የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የተደረገው ጉዞ ነው። ከዚያ በፊትም ራስ መኰንን በ1902 ለንጉሥ ኤድዋርድ 7ኛ ዘውድ በዓል ወደ ለንደን ሄደው ነበር። በ1924 ግን ልጃቸው ራስ ተፈሪ፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት፣ ራስ ኃይሉን፣ ራስ ሥዩምንና ሌሎችንም መኳንንት አስከትለው ተነሡ። ኢየሩሳሌምን፣ ካይሮን፣ ፓሪስን፣ ብራስልስን፣ ስቶክሆልምን፣ ሮምን፣ ለንደንንና አቴንስን ጎበኙ።

ጉዞው የሽርሽር አልነበረም። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው ገና በመስከረም 1923 ነው። ራስ ተፈሪ የባሕር በር ለማግኘት ሊነጋገሩ፣ አገራቸውም ከሌሎች እኩል መሆኗን ሊያሳዩ ሄዱ። በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ አፍሪካዊ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው እንደ ቅኝ ተገዢ ነበር። ታዲያ ምን ይልበሱ? የፈረንጅ ሱፍና ክራቫት ቢለብሱ «አስመሳይ» ይባላሉ። በአገር ቤት አለባበስ ብቻ ቢሄዱ ደግሞ ለትርኢት የመጡ ያደርጓቸዋል።

የመረጡት መካከለኛውን ነው። በዘመኑ ፎቶግራፎች ላይ እንደሚታየው ከውስጥ ነጭ የአገር ልብስና ጠባብ ሱሪ፣ ከላይ ጥቁር ካባ፣ ራሳቸው ላይ ሰፊ ባርኔጣ አድርገዋል። ካባው ለአውሮፓ ብርድ ይመቻል፤ ጥቁርነቱም ከፈረንጁ የክብር ልብስ ጋር ይስማማል። ነጩ ከሥሩ ሲታይ ግን ከየት እንደመጡ ማንም አይሳሳትም። ጋዜጦች ስለ አለባበሳቸው ብዙ ጻፉ። የባሕር በሩ ግን አልተገኘም። ልብስ በር ላይ ያስከብር ይሆናል እንጂ ውል አያስፈርምም፤ ይህንንም ማወቅ ጥሩ ነው።

ከ12 ዓመት በኋላ ያው ካባ በሌላ ጉዞ ታየ። ጣሊያን ኢትዮጵያን ወርሮ ንጉሠ ነገሥቱ ሲሰደዱ በግንቦት 1936 በእንግሊዝ መርከብ ሐይፋ ወርደው ኢየሩሳሌም ተቀመጡ። ቀጥሎም ወደ አውሮፓ ሄደው ሰኔ 30 ቀን ጄኔቫ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆሙ። የጣሊያን ጋዜጠኞች እያፏጩ ሊያቋርጧቸው ሲሞክሩ ካባቸውን እንደለበሱ በእርጋታ ቆይተው በአማርኛ ተናገሩ። መንግሥታቸውን አጥተው የመጡ ስደተኛ ነበሩ፤ አቋቋማቸውም ቋንቋቸውም ግን የስደተኛ አልነበረም።

ከእኛ መካከል የወጡ

የእኛ ማኅበረሰብም የራሱ መንገደኞች አሉት። በ1905 ዶክተር ፋይትሎቪች ሁለት ወጣቶችን ይዘው ወደ ፓሪስ ሄዱ፤ አንደኛው ታምራት አማኑኤል ነበሩ። በፓሪስና በፊሬንዜ ተምረው ወደ ኢትዮጵያ በመመለስ በአዲስ አበባ የተከፈተውን የቤተ እስራኤል ትምህርት ቤት መሩ። በኋላም በፓሪስ የኢትዮጵያን መንግሥት በዲፕሎማትነት አገልግለዋል። ዮና ቦጋለ ደግሞ ከወለቃ ተነሥተው በኢየሩሳሌምና በአውሮፓ ተማሩ፤ መምህርና የሕዝባቸው ጠበቃ ሆኑ። በ1979 ሞንትሪያል ላይ በሰሜን አሜሪካ የአይሁድ ማኅበራት ጉባኤ ፊት ቀርበው ስለ ወገኖቻቸው መከራ ተናገሩ። በ1955ና በ1956 ደግሞ 27 ወጣቶች ወደ ክፋር ባትያ መጥተው ተማሩ፤ ብዙዎቹም ተመልሰው በመንደራችን አስተማሪ ሆኑ።

እነዚህ ሰዎች በሄዱበት ሁሉ ሁለት ዓይነት ዓይን ይጠብቃቸው ነበር። አንዱ «በእርግጥ አይሁድ ናችሁ?» ይላል። ሌላው «በእርግጥ የተማራችሁ ናችሁ?» ይላል። ሰው አፉን ሳይከፍት በመልኩና በልብሱ ሲመዘን ምን እንደሚሰማው ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን እናውቃለን። እኔ ራሴ በዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት አንድ የሙያ ስብሰባ ላይ ከተናጋሪዎቹ አንዷ ሆኜ ተጋብዤ ሳለ፣ አንድ እንግዳ የቡናውን ስኒ አቀብሎኝ «ይህን ውሰጂልኝ» አለኝ። ጃኬትም ለብሼ ነበር። ስለዚህ ጥሩ ልብስ ከንቀት ያድናል ብዬ አልዋሻችሁም። ሆኖም ቀና ብዬ መድረኩ ላይ ስወጣ ልብሴ ልክ መሆኑን ስላወቅኩ ስለ እሱ አላሰብኩም፤ የማስበው ስለምናገረው ብቻ ነበር። የልብስ ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል።

በ2012 በላይነሽ ዘባድያ በኢትዮጵያ የእስራኤል አምባሳደር ሆነው ተሾሙ። በአምቦበር ተወልደው በወጣትነታቸው ወደ እስራኤል የመጡ ናቸው። ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው እስራኤልን ወክሎ አዲስ አበባ ሲገባ ያ የመጀመሪያው ነው።

በካኪ ያደገ አገር

አሁን ወደ ልጁ ክርክር እንምጣ። «እዚህ አገር እንዲህ የሚለብስ የለም» ያለው እውነቱን ነው። ግን ለምን?

ይህን አገር ያቀኑት ሰዎች ብዙዎቹ ከአውሮፓ ከተሞች የመጡ ነበሩ። ክራቫትን የጥንቱ ኑሮ ምልክት አድርገው ጣሉት፤ የሠራተኛውንና የገበሬውን ልብስ የክብር ልብስ አደረጉት። በ1934 ክፋር አታ ላይ የተከፈተው «አታ» የተባለው ፋብሪካ ካኪና ሰማያዊ የሥራ ልብስ እያመረተ አገሩን ሁሉ አለበሰ፤ በ1985 ተዘጋ። መንግሥት ከተመሠረተ በኋላም ከ1949 ጀምሮ የቁጠባ ዘመን መጥቶ ምግብም ልብስም በራሽን ሆነ፤ «ላኮል»፣ ማለትም «ለሁሉም»፣ የሚባል ርካሽ ልብስ ይሸጥ ነበር። ሁሉም አንድ ዓይነት ለበሰ፤ ልማዱም ቀረ። ስለዚህ አለቃ በካናቴራና በጫማ ሳንዳል ቢመጣ ንቀት አይደለም፤ «ሁላችንም እኩል ነን» የሚል የቆየ አነጋገር ነው።

እኔ ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በልጅነቴ ስንመጣ አባቴ ለዚያች ቀን ብሎ ከሰልባጅ ተራ ትከሻው ሰፊ ጥቁር ሱፍ ገዝቶ ለብሶ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበሉን ሰዎች ቁምጣና ሳንዳል አድርገዋል። አባቴ ወደ እናቴ ዞሮ «ተሳስተናል ወይስ ንቀውናል?» አላት። ሱፉ ሣጥን ውስጥ ገባ፤ ሌላ ጊዜ የለበሰውን አላስታውስም።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በግንቦት 14 ቀን 1948 ቤን ጉሪዮን የነፃነቱን አዋጅ ሲያነቡ በተነሣው ፎቶግራፍ ላይ ሱፍና ክራቫት ለብሰዋል። አንገቱ የተከፈተ ሸሚዝና ካኪ የሚወዱ ሰው ቢሆኑም የዕለቱን ክብደት ያውቁ ነበር። ደግሞም በ1954 ሩት ዳያን «ማስኪት» የተባለውን ድርጅት ሲያቋቁሙ ከየአገሩ የመጡ ስደተኛ እናቶች ጥልፍና ሽመናቸውን ይዘው ሥራ እንዲያገኙ ነበር። ድርጅቱ የሠራው ልብስ ውጭ አገር ድረስ ተሸጧል። «ልብስ ለዚህ አገር ሰው ግድ የለውም» ማለት እንግዲህ ግማሽ እውነት ነው።

ሁለቱ ቃላት ከየት መጡ?

«ቢዝነስ ካዥዋል» የሚባለው ሥርዓት ዕድሜው አጭር ነው። በ1960ዎቹ ሃዋይ ውስጥ የቢሮ ሠራተኞች ዓርብ ዓርብ ሱፉን ትተው አበባ ያለበት ሸሚዝ እንዲለብሱ ተፈቀደ። ልማዱ ቀስ በቀስ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገረ። በ1992 የሌቪስ ኩባንያ ለአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች «ሠራተኞች ያለ ሱፍ እንዴት በደንብ ይለብሳሉ» የሚል መመሪያ አሳትሞ ላከ፤ ከዚያ በኋላ በዓለም ተስፋፋ። ትርጉሙ ሲጠቃለል ይህ ነው፦ ከሱፍና ክራቫት ዝቅ ያለ፣ ከቤት ልብስ ከፍ ያለ። ለአባትየው ስተረጉምላቸው «ጋቢ አይደለም፣ ካባም አይደለም፣ ኩታ ነው በይኛ!» አሉኝ። ከዚያ የተሻለ ትርጉም ከማንም አልሰማሁም።

እንግዲህ ምን እንልበስ?

ለሥራ ወደ ውጭ ለምትሄዱና ልጆቻችሁን ለምትልኩ ከልምድ ያገኘሁትን ባጭሩ ላካፍላችሁ።

ጥቂት ይበቃል። ለአምስት ቀን አንድ ጃኬት፣ ሁለት የጨርቅ ሱሪ (ለሴቶች ሱሪ ወይም ከጉልበት የሚወርድ ጉርድ)፣ ሦስት ኮሌታ ያላቸው ሸሚዞች እና አንድ ሹራብ በቂ ነው። ሁሉም እርስ በርሱ የሚስማማ ቀለም ይሁን። ጥቁር ሰማያዊ ለማንም ያምራል፤ ነጭ፣ ክሬምና የወይን ጠጅ ቀለም ደግሞ የእኛን የፊት ቀለም ያደምቃሉ። እናቶቻችን ነጭ የሚለብሱት ለሲግድ ብቻ አይደለም፣ ስለሚያምርባቸውም ነው።

ልክ መሆኑ ከዋጋው ይበልጣል። የጃኬቱ ትከሻ ስፌት የእናንተ ትከሻ በሚያልቅበት ይለቅ፤ እጅጌው አንጓ ላይ ይቁም፤ ሱሪው ጫማ ላይ አይከመር። የሚረዝመውን ልብስ ሰፊ ያሳጥረዋል፤ ትከሻው የሰፋ ጃኬት ግን በቀላሉ አይስተካከልም፣ ተዉት።

አዲስ ጫማ ይዛችሁ አትሂዱ። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው የተሰጠው አዲስ ጫማ ስላልተመቸው ነው ይባላል። በ1964 ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ እንደገና አሸነፈ። እንደ እሱ በባዶ እግር ማሸነፍ ስለማንችል ጫማውን ሁለት ሳምንት ቀደም ብለን ሽኩና ውስጥ እንለማመደው።

አትበደሩ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል። የጉዞው ሥራ አምስት ቀን ነው፣ ዕዳው ግን ዓመት ይቆያል። ላኪው መሥሪያ ቤት ምን እንደሚለበስ በግልጽ እንዲነግራችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

አባትና ልጁ የት ደረሱ?

እኔም አልፈረድኩም። አባትየውን «ጎንደር ሳሉ ምን ይሠሩ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሸማኔ ነበርኩ» አሉ። እዚህ አገር ሌሊት መጋዘን ይጠብቃሉ። ከመጡ ጀምሮ ደብዳቤውን የሚያነብላቸው፣ ሐኪም ቤት የሚያስተረጉምላቸው፣ ባንክ የሚያቆምላቸው ልጃቸው ነው። በአንድ ነገር እንኳ የልጃቸው አስተማሪ ሆነው አያውቁም። «እንግዲያው ልብሱን እርስዎ ይምረጡለት፣ ቀለሙንና ዓይነቱን ግን እሱ ይወስን» አልኳቸው።

በማግስቱ አብረው ሱቅ ገቡ። ልጁ በኋላ እንደነገረኝ አባትየው ጃኬቱን ሁሉ በጣታቸው እያሹ፣ ወደ መብራት እያነሡ፣ ስፌቱን ሳብ እያደረጉ ይመለከቱ ጀመር። ውድ የሆኑትን ሦስቱን «ድሩ ሳስቷል፣ ይሰነጠቃል» ብለው መለሱ። ከቅናሽ መደርደሪያው ላይ ግማሹ ሱፍ የሆነ ጥቁር ሰማያዊ ጃኬት አወጡ፤ ዋጋው ሊበደሩ ካሰቡት እጅግ ያነሰ ነበር። ሻጯ ተገርማ ልጁን «አባትህ ልብስ ሰፊ ነው?» ብላ ጠየቀችው። «አይደለም» ብሎ «ሸማኔ» ሊል ቃሉን በዕብራይስጥ አጣው። ስልኩን አውጥቶ ፈልጎ «ኦሬግ ነው» አላት። በእስራኤል ምድር የአባቱን ሙያ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

ክርክሩ ግን ፈጽሞ አላለቀም። ክራቫቱን ልጁ አልፈልግም አለ፤ አባት ደብቀው ሻንጣው ውስጥ አስገቡት፤ እንደታጠፈ ተመለሰ። ጃኬቱን ግን አምስቱንም ቀን ለብሶት ነበር፤ ጀርመኖቹም ያለ ክራቫት በጃኬት ነበሩ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ አባቶቻችን። ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ የማያውቁትን እናንተ ታውቃላችሁ፤ ቋንቋው ስላልመጣላችሁ ብቻ ዝም አትበሉ። ልጆችም፣ ከመሄዳችሁ በፊት አባታችሁንና እናታችሁን ይዛችሁ ሱቅ ግቡ። ጥያቄ ያላችሁ ቤተሰቦች ወደ ጽሕፈት ቤታችን ብቅ በሉ፤ በራችን ክፍት ነው።

መልካም መንገድ!